የቤት ሙቀት ታሪክ በሒሳብ መዝገብ ዓይን

በሀዋሳ፣ በተለይም እኛ በምንኖርበት በመሃል ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከጥር ማብቂያ ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ፈተና ነው። በዚያው ቤት ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ይፈለጋል። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ስለሆነች አየሯን ክፉ የሚል የለም። ክፉው ቤታችን ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ግን አየሩ አይደለም። የብድር ኮሚቴያችን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ባዘጋጀው የደንብ ማሻሻያ ረቂቅ ላይ «የቤት ጥገና» የሚለው የብድር ዓይነት እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ፍጆታ ነው፣ ገቢ አያስገኝም። የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ እንደመሆናችን የኮሚቴው ስጋት ይገባናል። ተዘዋዋሪ ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ እህቶቻችን ከጉሊት ሽያጭና ከወር ደመወዛቸው ቆንጥረው ያስቀመጡት ነው። ቢሆንም እጅ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን በታሪክ በኩል ማየት ይጠቅማል ብለን አሰብን። ቤትን በብርድ ማሞቅ፣ በሐሩር ማቀዝቀዝ፣ ይህን የሚያደርገውንም ነገር እንዳይበላሽ መጠበቅ በአገራችን የማን ሥራ ነበር? ዋጋውስ የት ተመዘገበ?

ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በባንክና በሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ኤሲ ነው። ኤሲ ራሱ ሲጀመር ለሰው ምቾት ታስቦ አልተሠራም። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ አየር ማቀዝቀዣ የነደፈው በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር። የበጋው እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙ በቦታው አልቀመጥ ስላለ፣ ለወረቀቱ ሲባል አየሩ ደረቀ። ሰው ቤት የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በእኛ አገር ቤቱን የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ራሱ ቤቱ ነበር። የሣር ክዳን ያለውን ክብ ቤት እናስብ። ሣሩ ወፍራም ተደርጎ ይከደናል። በሣሩ መካከል የታመቀው አየር የቀኑን ፀሐይ ወደ ውስጥ፣ የሌሊቱን ሙቀት ወደ ውጭ በቀላሉ አያሳልፍም። ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ዝናቡ ሳይዘልቅ ይንሸራተታል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ቀን የወሰደውን ሙቀት አምቆ ይዞ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። በሲዳማ ደጋ፣ በእነ ሁላና በእነ አርቤጎና በኩል፣ ግድግዳው ከቀርከሃ ይጠለፋል። በብዙ ደጋ አገር ከብቶችም በዚያው ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ ትንፋሻቸው ለሰዉ ሙቀት ይሆናል። በመካከሉ ሦስት ጉልቻና እሳት አለ። ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል።

የጥገናው ምሥጢር ያለው እዚህ ጭስ ውስጥ ነው። ጭሱ በሣሩ፣ በወራጁና በማሰሪያው ላይ ጥቀርሻ ያለብሳል። እርጥበቱን ያደርቃል፤ ነቀዝና ምስጥ ያባርራል። ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት የሣር ቤት በጥቂት ክረምት የሚፈርሰው ለዚህ ነው። ሣሩን የሚያበሰብሰው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን የእሳቱ መጥፋት ጭምር ነው። ከሁላ የመጡ አንዲት የማኅበራችን እናት እንዳስረዱን በልጅነታቸው ሰው የሌለበት ቤት እንኳ በየጥቂት ቀኑ ገብቶ እሳት የሚያነድበት ዘመድ ይፈለግለት ነበር። ምግብ ማብሰያውና ማሞቂያው እንዲሁም ቤቱን ከመበስበስ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር ማለት ነው።

ይህን አንድ ነገር የምትይዘው ደግሞ ሴቷ ናት። ምሰሶ መትከል፣ ሣር ማጨድ፣ መክደን የወንዶች ደቦ ነበር። በሒሳብ ቋንቋ ይህ የካፒታል ወጪ ነው፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ ጠላ ተጠጥቶበት፣ ተመርቆ ያልቃል። የቀረው የሥራ ማስኬጃ ነው። እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ማታ ረመጡን በአመድ አዳፍኖ ማሳደር፣ ጠዋት ገላልጦ ማቀጣጠል፣ ከጠፋም ጎረቤት ሄዶ እሳት መጫር። ክረምቱ ሲወጣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭድ በቦካ ጭቃ መምረግ፣ መለሰን፣ ወለሉን በእበት መለቅለቅ። ለመስቀል ወይም ለፍቼ ጫምባላላ ቤት ሲሰናዳ የምናየው ይኸው ነው። እኛ እንደ በዓል ዝግጅት ብንቆጥረውም ሥራው ዓመታዊ የጥገና ፕሮግራም ነበር። ስንጥቅ በተደፈነ ቁጥር ነፋስ ይቀራል፤ ነፋስ በቀረ ቁጥር እንጨት ይተርፋል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስደንቀን በጨንቻ ያለው የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ በጣም ረጅም ሆኖ ይሠራል፤ ከሩቅ ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ባለቤቶቹ ቤቱን አያፈርሱትም፤ የተበላውን ከሥር ቆርጠው ይጥሉና ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመውት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ቤቱ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ቁመቱ ያጥራል። እኛ የእርጅና ቅናሽን በኮሌጅ በቀመር ነው የተማርነው፤ ዶርዜዎች ግን ከደጃፍ ቆመው በዓይን ያነቡታል።

የሣር ቤትን እንደ ገነት አድርገን ለማቅረብ አንፈልግም። በጭስ ውስጥ ያደገች ሴት ዓይኗን ታውቀዋለች፣ ሳሏንም ታውቀዋለች። እሳት የነካው ክዳን በደቂቃዎች ውስጥ አመድ ይሆናል። ደግሞም ይህ ሁሉ ሙቀት እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱንም የሚሸከም ጀርባ።

እንጨት ሲያልቅ መንግሥት ሳይቀር ይሰደዳል። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው በአንድ በኩል በሙቀት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት የእንጦጦ ተራራ ብርዱና ነፋሱ የከበደ፣ እንጨቱም እየራቀ የሄደበት ቦታ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱት፤ በ1879 ቤት አሠሩበት፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መሬቱ ራሱ ያሞቀው ውኃ በነፃ ይፈልቅ ነበርና የእቴጌይቱ ምርጫ በሒሳብም ቢሆን የሚያስነቅፍ አይደለም። ከተማው ሲሰፋ ግን የማገዶ ችግር ተከትሎ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው እስከ መገንባት ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ባሕር ዛፉን ያመሰግናሉ፤ ተገቢ ነው። ያንን ባሕር ዛፍ፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን፣ ለአንድ መቶ ዓመት ከእንጦጦ በጀርባቸው እያወረዱ የከተማዋን ምድጃ ያነደዱት ሴቶች ግን በየትኛውም መዝገብ እንደ «ማሞቂያ አቅራቢ ድርጅት» አልተመዘገቡም።

ቀጥሎ የመጣው ቆርቆሮ ነው። ከምኒልክ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመኳንንቱ ቤት ላይ መታየት የጀመረው ቆርቆሮ፣ የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ወደ መሃል አገር መድረሱ ቀለለ። ሰው ቢወደው አይገርምም። እሳት አይበላውም፣ በየጥቂት ዓመቱ ሣር አይታጨድለትም፣ የዝናብ ውኃው ንጹሕ ነው፣ አይጥና እባብ አይራባበትም፣ «ቆርቆሮ ቤት አለው» መባልም ማዕረግ ነበር። ሀዋሳ በ1952 ገደማ ስትቆረቆር የቆርቆሮ ዘመን ገብቶ ነበር። ከይርጋለም ተረክባ የሲዳሞ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በቀጥታ የተዘረጉ ሰፋፊ መንገዶቿን የተከተሉት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ናቸው። ዛሬም ከታቦር ተራራ ላይ ወደ ታች ሲታይ ፀሐዩ የሚያንጸባርቀው በሐይቁ ላይ ብቻ አይደለም።

ቆርቆሮ ከሣር የተሻለ ክዳን ነው፤ ሙቀትን በመከላከል ግን ሣርን አይደርስበትም። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ማታ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዝና የሰዉ ትንፋሽ ከሥሩ ጠል ሆኖ ይጠራቀማል፤ ንጋት ላይ በፊት ላይ የሚንጠባጠበው ላቡ ይህ ነው። በቀን ሙቀት ተለጥጦ በሌሊት ብርድ ሲሸማቀቅ ቋ ቋ የሚለውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ድምፅ የጥገና ማስጠንቀቂያ ነው ብንል ያስኬዳል፤ ቆርቆሮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሚስማሩ በጥቂቱ ይላላል፣ የሚስማሩ ጎሚኒም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚያች ቀዳዳ የምትገባው ውኃ መጀመሪያ እንጨቱን፣ ከዚያ የጭቃ ግድግዳውን ትበላለች። ስስ የሆነው 35 ጌጅ ቆርቆሮ ሲሆን ነገሩ ይፈጥናል።

ቆርቆሮ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ጣሪያው ላይ አይደለም። እሳቱ ከቤት ወጣ። የቆርቆሮ ቤት ጭስን እንደ ሣር አጣርቶ አያስወጣም፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳና ኮርኒስም ጥቀርሻ አይችሉም። ስለዚህ ጓሮ ማድቤት ተሠራና ጉልቻው ወደዚያ ሄደ። ዓይናችን አረፈ። በሌላ በኩል ዋናው ቤት ማሞቂያውን አጣ። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ልጅ የወለደች ሴት ያለችበት፣ በሽተኛ የተኛበት ክፍል በምን ይሙቅ? መልሱ የከሰል ምድጃ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ የሕይወት ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ጭሱ ይጠፋል፤ ጭሱ ሲጠፋ አደጋውም የጠፋ ይመስላል። የተፋመ ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው ራስ ምታትና እንቅልፍ ይሰማዋል፤ ተኝቶም አይነሣም። በየክረምቱ በየከተማው «በከሰል ጭስ ታፍነው» የሚል ዜና የምንሰማው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ከሰሉ ለሙቀት ተብሎ እዚያው ይተዋል፣ በር ይዘጋል፣ በበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ ይወተፋል። አያቶቻችን ከዚያ ሁሉ ጭስ ጋር ሲያድሩ ዓይናቸው ታመመ፣ ሳንባቸውም ተጎዳ፤ ክዳኑ አየር ስለሚያስተነፍስ ግን እንደ ዛሬው በአንድ ሌሊት የመታፈን አደጋው ያነሰ ነበር። ቤታችን እየተዘጋ፣ እየተለሰነ፣ እየዘመነ ሲሄድ እሳቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከሰል ውጭ ይፋም፤ ቤት ከገባ መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመተኛት በፊት ይውጣ። ይህን በየስብሰባው ብንደጋግመው አይሰለቸንም።

የባለቤትነት ታሪክም ከጥገና ጋር የተያያዘ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የቤት ኪራይ ቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ፣ በተለይ ቤት ለሚመሩ ሴቶች፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ የሚያድስ አስተዳደር አይኖርም፤ ተከራይዋም የራሷ ባልሆነ ቤት ላይ ፈቃድ እየጠየቀች ምን ያህል ታወጣለች? ቤቶቹ አረጁ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ድንጋይና አሮጌ ጎማ፣ ነፋስ እንዳያነሣው የተጫኑት፣ የዚያ ዘመን የጥገና በጀት ናቸው።

ከዚያው ዘመን አካባቢ የመጣ፣ የማንም ፈጠራ ተብሎ ያልተመዘገበ አንድ ነገር ግን አለ፦ የማዳበሪያ ኮርኒስ። የተራገፈ የማዳበሪያ ከረጢት ይታጠባል፣ ይተረተራል፣ እርስ በርሱ ይሰፋል፣ ከቆርቆሮው በታች ይወጠራል፣ ቀለም ይቀባል። አቅም ያላት አቡጀዲ ታደርጋለች፤ ቺፕውድና ጂፕሰም በኋላ መጡ። ማዳበሪያው ራሱ ስስ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በእሱና በቆርቆሮው መካከል የቀረው አየር ነው። የሣር ክዳኑ ጥበብ በርካሽ ተመለሰ ማለት ነው። የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። የሚጠገነውም ቀላል ነው፦ በሁለቱ ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ትንንሽ መተንፈሻ መተው፣ የአይጥ ቀዳዳ መጣፍ፣ በየዓመቱ አውርዶ አቧራውን ማራገፍ። መተንፈሻ ከሌለው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር እንደ ምድጃ ይግላል።

በ1980ዎቹ ደግሞ ምድጃው ራሱ ተቀየረ። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ተወስዶ ለእኛ አገር እንዲስማማ የተሠራ ነው፤ ከቆርቆሮው በስተ ውስጥ ያለው ሸክላ ሙቀቱ ወደ ጎን እንዳያመልጥ ይይዘዋል። «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል፤ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል ተብሏል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ወጡን አያጣፍጠው ይሆናል፣ የከሰል ወጪን ግን ይቀይራል።

ደጋፊዎቻችን ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡ ስለምናውቅ በዚህ ቦታ አንድ ነገር ልናነሣላቸው እንፈልጋለን። ምድጃ የማደል ፕሮጀክት በየጊዜው ይመጣል፤ እናመሰግናለን። ይሁንና የላቀች ምድጃ ሸክላ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ በኋላ ምድጃው ሙቀቱን በቆርቆሮው በኩል እያባከነ ከተራው ምድጃ ብዙም አይለይም። በሪፖርት ላይ «የታደለ ምድጃ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ፤ «ሸክላው የተለወጠ» የሚል ዓምድ ግን እስካሁን በደረሱን ቅጾች ላይ አላየንም። ሸክላ የምትሠራና የምትለውጥ ሴት በየሰፈሩ ብትኖር አንድ ጊዜ የተሰጠው ገንዘብ ዕድሜ ይኖረዋል፤ ለእሷም ሥራ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጥገናው ከእጃችን ወጥቶ ወደ ባለሙያ ሄደ። በ2011 ታሪፉ በየዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወጪ በእያንዳንዱ ቤት ጨዋታ ሆኗል። እስቲ እናስላው። ባለ 60 ዋት ቬንትሌተር ለስምንት ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባለ 1,500 ዋት ኤሲ ለስምንት ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሃያ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ኤሲው በየመሃሉ ስለሚያርፍ ከዚህ ያነሰ ይበላ ይሆናል፣ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ግን አያርፍም። በሀዋሳ አቧራ ማጣሪያውን አውጥቶ በውኃ ማጠብ የወር ሥራ መሆን አለበት፤ ባለሙያ አይፈልግም። ቬንትሌተርም ቢሆን ፍጥነቱ ሲቀንስ «አርጅቷል» ተብሎ ይጣላል፤ ብዙ ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ ነው፣ ወይም ክንፉ ላይ የተጋገረው አቧራ ነው። በአንዲት ትንሽ ዕቃ ለውጥ የሚድነውን ጥሎ አዲስ መግዛት ለሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ያማል።

ሐምሌ 2008 የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ከተማችን ሌላ ምዕራፍ ጀመረች። ከገጠር የመጡ ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራ አገኙ፤ ማደሪያ ፈለጉ። በየግቢው ሰርቪስ ቤት ተደረደረ። ሰርቪስ ቤት ማለት አንድ በር፣ ቢበዛ አንድ መስኮት፣ ሁለቱም በአንድ ወገን፣ ጀርባው የጎረቤት አጥር፣ ላዩ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰች ልጅ መተኛት ያለባት በቀን ነው፤ በቀን ደግሞ ያ ክፍል አያስተኛም። ከአባሎቻችን መካከል እንዲህ ባለ ክፍል ለሦስትና ለአራት የሚኖሩ አሉ። ኪራይ በየጊዜው ይጨመራል፤ ጣሪያው ግን እንደነበረ ነው። አንዲት አባላችን በራሷ ወጪ ኮርኒስ ካሠራች በኋላ አከራዩዋ ክፍሉ ተሻሽሏል ብለው ኪራይ ጨመሩባት። ወዲያው ተራ በተራ ሲወጠርና ሲወርድ የሚችል፣ በቀለበትና በገመድ የሚያያዝ የማዳበሪያ ኮርኒስ የሰፉት ጓደኞቿ ናቸው፤ ሲለቁ ጠቅልለው ይዘውት ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ረቂቁ እንመለስ። «ፍጆታ ነው» የሚለው ቃል የሚይዘው ቤት ማደሪያ ብቻ ከሆነ ነው። የአባላት መዝገባችንን ስናገላብጥ እንጀራ ጋጋሪ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ሠሪ እናገኛለን፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሚያድሩበት ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ በየካቲት ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ማሽኑን ትታ በር ላይ ከተቀመጠች በቀን ሦስት የሥራ ሰዓት ሄደ። ጣሪያው ያፈሰሰባት ባልትና አዘጋጅ አንድ ጣሳ በርበሬ ሻገተ ብላ አትነግረንም፤ እኛ የምናየው ብድሯን ለመክፈል መዘግየቷን ብቻ ነው። ለሌላ ሴት የልብስ ስፌት ማሽን ብናበድር «ምርታማ ብድር» ብለን እንመዘግባለን። ማሽኑ የተቀመጠበትን ክፍል ብናስጠግን በምን ሕግ ፍጆታ ሊሆን እንደሚችል አልታየንም።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ለጉባኤው የሚያቀርበው አማራጭ ይህ ነው። «የቤት ጥገና» የሚለው ሰፊ ስም ይቅርና በምትኩ «የሙቀትና የዝናብ ጥገና» ተብሎ ጠበብ ይበል። በሥሩ የሚገቡት የቆርቆሮ ሚስማርና ጎሚኒ መለወጥ፣ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ በሌላ ወገን መስኮት መክፈት፣ የምድጃ ሸክላና የኤሌክትሪክ ምጣድ እድሳት ናቸው። አጥር፣ ሴራሚክና የቀለም ማስዋቢያ አይገቡም። መጠኑ ትንሽ፣ መመለሻው በስድስት ወር ውስጥ ይሁን። ለተከራዮች ነቅለው ሊወስዱት የሚችሉት ዕቃ ብቻ ይፈቀድ፤ ቤት ላይ የሚቀር ሥራ ከሆነ አከራዩ ለአንድ ዓመት ኪራይ እንደማይጨምሩ በጽሑፍ ይስማሙ። ጥገናውን የሚሠሩት በተቻለ መጠን ከአባሎቻችን መካከል ይሁኑ፤ ኮርኒስ የሚሰፉ፣ ጭቃ የሚለስኑ፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉን፤ እጃቸው ገና ዋጋ አልወጣለትም። ተበዳሪዋም ከጥገናው በፊትና በኋላ ለሁለት ወር የገዛችውን ከሰልና የከፈለችውን የመብራት ሒሳብ በደብተር ትይዛለች። በዓመቱ መጨረሻ ክርክሩን በዚያ ደብተር እንፈታዋለን።

የአማራጩ ሙሉ ጽሑፍና የደብተሩ ናሙና በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። ጉባኤው የሚወስነው እስኪታወቅ ድረስ ክረምት እየቀረበ ነው። መሰላል ያላችሁ አባላት ለጎረቤት አባል እንድታውሱ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣውም ሰው ጠዋት ብረቱ ሳይግል ወጥቶ የላሉትን ሚስማሮች እንዲቆጥር እንጠይቃለን። ቁጥሩን ለሒሳብ ክፍል ብታመጡልን ለስንት ቤት ስንት ሚስማር በጅምላ እንደምንገዛ እናውቃለን።